የጠገራና የምኒልክ ብር ዋጋ፦ የትኛውን መመሪያ እንመን?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አንኮበር ይኖሩ ከነበሩት አያቴ አራት ጠገራ ብር፣ ሁለት የምኒልክ ብር፣ አንድ አላድ (ግማሽ ብር) እና አንድ ከረጢት የ1936 ሳንቲም ደርሶኛል። ከጠገራዎቹ አንዱ ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። አንድ ነጋዴ ሁሉንም በግራም መዝኜ ልውሰድ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ አንድ የምኒልክ ብር ብቻውን በአምስት ሺህ ዶላር ለሽያጭ ቀርቦ አየሁ። ማንን ልመን? የሚታመን የዋጋ መመሪያስ ከየት ይገኛል?»

መልስ፦ ሁለቱንም አይመኑ። ነጋዴው የነገረዎት የማዕድኑን ዋጋ ነው፤ ያውም ራሱ የወሰነውን። አምስት ሺህ ዶላሩ ደግሞ ሻጩ የተመኘው ነው፤ እስኪከፈል ድረስ ዋጋ ሊባል አይችልም። የሚታመኑ መመሪያዎች በእርግጥ አሉ፤ አብዛኞቹም በነፃ ይገኛሉ። ነገር ግን አንዱም ብቻውን አይበቃም። ከሁሉም በፊት ደግሞ እጅዎ ላይ ያለው በትክክል የትኛው ሳንቲም እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። ዋጋ ፈልጎ የሚሳሳት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው የሌላ ሳንቲም ዋጋ አንብቦ ነው።

ስለዚህ ከመለየት እንጀምር። ጠገራው ላይ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል፣ ከምስሉ ሥር «ኤስ ኤፍ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስርና 1780 የሚል ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጠለ። ቪየና በ19ኛውም በ20ኛውም ክፍለ ዘመን መትታለች። ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻ ቅርጹን ከኦስትሪያ አስፈቅዳ ሮም ላይ መታች፤ ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም መቱት። እንግዲህ «1780» ስላለው ብቻ የ240 ዓመት ዕድሜ አለው ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ጠገራ የሚሸጠው ውስጡ ካለው የብር ማዕድን ዋጋ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

ለየት የሚሉ ዓይነቶች ግን አሉ። የተመታበት ቦታና ዘመን የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው፦ የንግሥቲቱ የትከሻ ጌጥ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎች ቁጥርና አቀማመጥ፣ የንስሩ የጅራት ላባዎች፣ ከዓመተ ምሕረቱ አጠገብ ያሉት ነጥቦች። ሰብሳቢዎች እነዚህን ልዩነቶች «ሀፍነር» በሚባል ቁጥር ይመዘግቧቸዋል። አንኮበርና አልዩ አምባ ጠገራ የገባባቸው በጣም ቀደም ብለው ነው፤ አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ዋና ገበያ ነበረች። ስለዚህ ከዚያ አካባቢ በቤተሰብ የወረደ ጠገራ የቀድሞ ዓይነት የመሆን ዕድል ስላለው አራቱንም በአጉሊ መነጽር ሳያዩ በግራም አይስጡ።

የምኒልክ ብር ላይ ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈው በግእዝ ቁጥር ነው። ፲፰፻፹፯ ማለት 1887፣ ፲፰፻፹፱ ማለት 1889፣ ፲፰፻፺፪ ማለት 1892፣ ፲፰፻፺፭ ማለት 1895 ሲሆን ሁሉም በእኛ አቆጣጠር ነው። ሲያረጅ ፯ እና ፱ ይደባለቃሉ፤ ይህ ደግሞ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ የ1887ቱ ብር የተመታው ከ1889ኙ በጣም ባነሰ ቁጥር ስለሆነ ዋጋቸው ሰፊ ልዩነት አለው። ብርሃኑን ከጎን አድርገው ሳንቲሙን እያዘነበሉ ይዩት፤ ከፊት ለፊት ብርሃን የማይታየው የቁጥሩ እግር ከጎን ሲበራ ጥላ ይጥላል።

የውጭ ካታሎጎች ከዓመቱ በፊት «ኢ ኢ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ያስቀምጣሉ፤ የኢትዮጵያ ዘመን ማለት ነው። 1887 የሚለው በእነሱ 1894 እና 1895 ላይ ይወድቃል። ሻጮች ይህን ስለማያውቁ «የ1887 የአውሮፓ» እያሉ ይለጥፋሉ። ሲፈልጉ በሁለቱም ዓመት ይፈልጉ፤ አለዚያ ግማሹ ሽያጭ ያመልጥዎታል። በወረቀት የሚገኘው ትልቁ የዓለም ሳንቲሞች ካታሎግም በክፍለ ዘመን የተከፋፈለ ስለሆነ የእኛ 1895 የሚውለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው።

ሁለተኛው መለያ የአንበሳው እግር ነው። ካታሎጎቹ የምኒልክን ብር ለሁለት ይከፍሉታል፦ ግራ የፊት እግሩን ያነሣው አንበሳ (የ1887 እና የ1889) «ኬ ኤም 5»፣ ቀኝ የፊት እግሩን ያነሣው (የ1892 እና የ1895) «ኬ ኤም 19»። «ኬ ኤም» ካታሎጉን ያዘጋጁት የክራውስና የሚሽለር ስም መጀመሪያ ነው። ዋጋ ፍለጋ ላይ ከዚህ ቁጥር የሚበልጥ ቁልፍ የለም፤ በየትኛውም ሀገር ጨረታ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ቁጥሩ አይለወጥም። «ጊል» ከሚል ቃል ጋር ቁጥር ካዩ ደግሞ የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የጣሊያን ሶማሊያን ሳንቲሞች የሚመለከት የሌላ ካታሎግ ቁጥር ነው።

ከለዩ በኋላ ይመዝኑ። የጓዳ ሚዛን አይሆንም፤ የግራም መቶኛን የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ያሉ ወርቅ ቤቶች ሁሉ አላቸው። መገኘት ያለበት ይህ ነው፦ ጠገራ 28.07 ግራም፣ ከመቶው 83.3 ንጹሕ ብር፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ። የምኒልክ ብር 28.075 ግራም፣ ከመቶው 83.5 ንጹሕ፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር። አላድ 14.04 ግራም፣ ሩብ 7.02 ግራም፣ ግርሽ 1.40 ግራም፤ ሦስቱም እንደ ብሩ 83.5 ናቸው። በአገልግሎት ያለቀ ጠገራ 27.5 ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ ወደ 25 ወይም ወደ 24 ከወረደ ግን መልበስ አይደለም፣ ሐሰተኛ ነው ወይም ከጠርዙ ተሞርዷል።

ሐሰተኛውን ለመለየት ማግኔት ጥሩ መጀመሪያ ነው። ብር አይሳብም፤ የሚሳብ ከሆነ ነገሩ አለቀ። የማይሳብ መሆኑ ግን ማስረጃ አይደለም፤ ነሐስም እርሳስም አይሳቡም። የተሻለው የውኃ ፈተና ነው። ሚዛኑ ላይ ውኃ የያዘ ትንሽ ብርጭቆ ያስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው የብርጭቆውን ታችም ግድግዳም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ እንዲንጠለጠል ያድርጉ። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ነቅነቅ አድርገው ያራግፉት። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የያዘው ቦታ ነው፤ ለጥሩ ጠገራ ወደ 2.75 ይሆናል። የሳንቲሙን ክብደት ለዚህ ቁጥር ያካፍሉት፦ 28.07 ሲካፈል ለ2.75 ወደ 10.2 ይመጣል። ከነሐስ የተሠራ 8.5 አካባቢ ይሰጥዎታል፤ እርሳስ ከ11 ይበልጣል። ማንጠልጠያ የተበየደበት ላይ ይህ ፈተና አይሠራም፤ ብየዳው ውጤቱን ያዛባዋል።

ጠርዙንም ይዩ። ጠገራው ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍና ጌጥ አለው፤ ትርጉሙ «በፍትሕና በምሕረት» ነው። በአሸዋ ወይም በቅርጽ ቀልጦ የተሠራ ሐሰተኛ ላይ ጽሑፉ ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ ይጠፋል፣ በጠርዙ ዙሪያ የሁለት ቅርጾች መጋጠሚያ መስመር ይታያል፣ ሜዳው ላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች ይኖራሉ።

አሁን የመጀመሪያውን ዋጋ ማስላት ይቻላል፤ ይህም የመጨረሻው ዝቅተኛ ዋጋ ማለትም የብሩ ዋጋ ነው። ጠገራው ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ። የዓለም የብር ዋጋ የሚነገረው በትሮይ ወቄት ነው፤ አንዱ ትሮይ ወቄት 31.1035 ግራም ነው። 23.39 ሲካፈል ለ31.1035 እኩል ነው 0.752። የዕለቱን የብር ዋጋ በ0.752 ያባዙት፤ ለምኒልክ ብር በ0.754፣ ለአላድ በ0.377፣ ለሩብ በ0.188። በስሕተት 28.35 ግራም የሆነውን ተራውን ወቄት የሚጠቀሙ አሉ፤ ያኔ ስሌቱ በመቶ አሥር ያህል ይዛነፋል። ወርቅ ቤት በግራም ሲገዛ መጠየቅ ያለበትም አንድ ነገር ነው፦ ዋጋው ለሙሉው 28 ግራም ነው ወይስ ለንጹሑ 23.4?

ይህ ስሌት መመሪያዎቹንም መፈተኛ ይሆናል። ብር በ2011 እ.ኤ.አ. በወቄት ወደ 49 ዶላር ደርሶ፣ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ወደ 12 ዶላር ወርዶ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ከ50 ዶላር አልፏል። አንዱ ጠገራ ውስጥ ያለው ብር እንግዲህ አንድ ጊዜ 9 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ 37 ዶላር ነበር። በቴሌግራም የሚዘዋወር የቆየ ካታሎግ ከፍተው ዋጋ ካነበቡ በየትኛው የብር ዋጋ ዘመን እንደተጻፈ ይመርምሩ። አንድ መመሪያ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከዛሬው የብሩ ዋጋ ካነሰ መመሪያው አርጅቷል፤ ለዚያ ሳንቲም አይጠቀሙበት።

ወደ መመሪያዎቹ እንሂድ። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት መሠረት የነበረው የክራውስ የዓለም ሳንቲሞች ካታሎግ ነው። ለመለየት ዛሬም ወደር የለውም፦ ፎቶ፣ ክብደት፣ የብር መጠን፣ በየዓመቱ የተመታው ብዛት ሁሉ አለው። ዋጋው ላይ ግን እንደ ማመልከቻ ብቻ ይያዙት። የአሳታሚው እናት ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ ካመለከተ ወዲህ እንደ ድሮው በየዓመቱ አይታተምም። ሁለተኛ ችግሩ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ ሀገሮች ላይ ነው፤ ግብይቱ ጥቂት ስለሆነ ቁጥሩ ለዓመታት ሳይነካ ከእትም ወደ እትም ይተላለፋል።

የዚያ ካታሎግ ልጅ የሆነው የኤን ጂ ሲ (የሳንቲም ደረጃ ሰጪ ድርጅት) የዓለም ሳንቲሞች የዋጋ መመሪያ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ሀገር፣ ዓመት፣ የኬ ኤም ቁጥር ይመርጣሉ፤ ዋጋውን በይዞታ ደረጃ ተከፋፍሎ ያሳያል። እዚህ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ የሚያሳየው ነጋዴ ለሰብሳቢ የሚሸጥበትን ነው፤ ነጋዴ ከእርስዎ የሚገዛበት ከዚያ በጣም ያንሳል፣ ትርፉም ኪሳራውም የእሱ ነውና። ሁለተኛ፣ ዋጋው ለጤነኛ ሳንቲም ነው፤ ለተቦረሸ፣ ለተበሳ፣ ለተበየደ አይሠራም።

ኑሚስታ ሌላው ነፃ ካታሎግ ሲሆን ለጀማሪ ከሁሉም የሚመቸው ነው። ሰብሳቢዎች ራሳቸው የሚያዳብሩት ስለሆነ ፎቶው ብዙ ነው፣ የአንበሳው እግርም በደንብ ይታያል። ለእያንዳንዱ ሳንቲም ከ0 እስከ 100 የሚሄድ የብርቅነት ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን ስንት አባላት እንዳላቸው የሚለካ እንጂ ዋጋ አይደለም። ማንም የማይፈልገው ብርቅ ሳንቲም ርካሽ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የተነሡት ግምት ሰጪዎች ናቸው፤ እውነቱ ያለው የጨረታ መዝገብ ላይ ነው። ሄሪቴጅ የሚባለው የአሜሪካ የጨረታ ቤት ያለፉ ሽያጮቹን ለተመዘገበ ሰው ሁሉ በነፃ ያሳያል፤ ምዝገባውም አያስከፍልም። ኑሚስቢድስ የብዙ ጨረታ ቤቶችን ውጤት አሰባስቦ ያቀርባል። ኤሲሰርች የሚባለው ሰፊ መዝገብ ፎቶውንና መግለጫውን በነፃ፣ ዋጋውን በክፍያ ይሰጣል። የፍለጋ ቃሉን በላቲን ፊደል ያስገቡ፦ ኢትዮጵያ፣ ምኒልክ፣ ብር፣ የኬ ኤም ቁጥሩ፣ ዓመቱ። ምኒልክ የሚለው ስም በላቲን በሦስት በአራት ዓይነት ስለሚጻፍ ስሙን ትተው በቁጥሩ ብቻም ይሞክሩ።

የጨረታ ዋጋ ሲያነቡ አንድ ወጥመድ አለ። መዶሻው ያረፈበት፣ ማለትም ጨረታው የተዘጋበት ዋጋ አንድ ነው፣ ገዢው የከፈለው ሌላ ነው፣ ሻጩ የተቀበለው ደግሞ ሦስተኛ። እንበል መዶሻው በ200 ዶላር አረፈ። ገዢው ለጨረታ ቤቱ 20 በመቶ ጨምሮ 240 ይከፍላል፤ ሻጩ ደግሞ 15 በመቶ ተቆርጦበት 170 ይቀበላል። አንዱ መዝገብ 200 ሲጽፍ ሌላው 240 ይጽፋል፤ ለእርስዎ የሚያስፈልገው ግን 170ው ነው፤ የፖስታና የመድን ወጪ ገና ሳይነሣ። የእያንዳንዱን ጨረታ ቤት መቶኛ ደንቡ ላይ ያገኙታል። በተጨማሪ በጥቅል የተሸጠ እንዳይሆን መግለጫውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ የስድስት ሳንቲም ዋጋ እንደ አንድ ተቆጥሮ የሚወሰድበት ጊዜ ብዙ ነው።

ኢቤይ ላይ ማየት ያለብዎት «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ካበሩ በኋላ ብቻ ነው። ያ ማጣሪያ ሳይበራ የሚታየው ሁሉ እንደ አምስት ሺህ ዶላሩ የሻጭ ምኞት ነው። ማጣሪያው በርቶም ቢሆን ዋጋው ላይ መስመር ተሰርዞበት ካዩ ሻጩ ዝቅ ያለ ዋጋ ተቀብሏል ማለት ነውና የተሰረዘውን አይቁጠሩት። የሚያሳየውም የቅርብ ወራትን ብቻ ስለሆነ ያገኙትን በስልክዎ ፎቶ እያነሡ ያስቀምጡ።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን፦ ያው የኬ ኤም ቁጥር፣ ያው ዓመት፣ ተቀራራቢ ይዞታ ያላቸው፣ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት የተሸጡ ቢያንስ አምስት ሳንቲሞች ይሰብስቡ። በኤን ጂ ሲ ወይም በሌላው ደረጃ ሰጪ በፒ ሲ ጂ ኤስ ደረጃ ተሰጥቷቸው በፕላስቲክ የታሸጉትን ለብቻቸው ያስቀምጡ፤ የመታሸጉ ዋጋ ታክሎባቸዋል። የቀሩትን ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድሩና መካከለኛውን ይውሰዱ። አማካይ አያውጡ፤ አንድ እጅግ ያማረ ሳንቲም ብቻውን አማካዩን ሰቅሎ ያሳስትዎታል። ለጠገራ ግን የሁለት ዓመት ሽያጭ አይጠቅምም፤ ዋጋው ከብር ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ከሦስት ወር በላይ የቆየውን ይጣሉት።

ይዞታ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋጋውን ከሁሉም በላይ የሚለውጠው እሱ ነውና። ዓለም የሚጠቀምበት መለኪያ ከ1 እስከ 70 ይሄዳል። ከ60 ጀምሮ ያልተነካ ማለት ነው። 40 ማለት ከፍ ያሉት ቦታዎች ብቻ በጥቂቱ ለስልሰዋል፤ 20 ላይ መልበሱ በግልጽ ይታያል፣ ዝርዝሩ ግን አለ፤ 12 ላይ ዋናው ምስልና ጽሑፍ ብቻ ሳይጎድል ቀርቷል። በምኒልክ ብር ላይ መጀመሪያ የሚለብሱት ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ የዘውዱ ጫፍና ጌጦች፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭና ጺም፣ በጀርባው የአንበሳው ጋማና ትከሻ። ጋማው እንደ አንድ ለስላሳ ጉብታ ሆኖ ጸጉሩ ካልተለየ ከ20 በላይ አይገምቱት። ጸጉሩ እየተለየ ጫፉ ብቻ ከለሰለሰ 40 ሊጠጋ ይችላል። በጠገራው ላይ ደግሞ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ጸጉርና የንስሩን የደረት ላባ ይዩ። በገበያ በእጅ ሲዘዋወር የኖረ ሳንቲም አብዛኛው ከ8 እስከ 20 ባለው ውስጥ ነው፤ የራስን ሳንቲም ከፍ አድርጎ መገመት የተለመደ ስለሆነ ሲጠራጠሩ ዝቅተኛውን ይያዙ።

እባክዎ አይጠቡት፣ አይፈትጉት። በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና የተወለወለ ብር ለዓይን ያበራል፤ ሰብሳቢ ግን በአጉሊ መነጽር ሲያየው በአንድ አቅጣጫ የሄዱ ጭረቶችን ያገኛል፣ ዋጋውም ወዲያው ወደ ብሩ ዋጋ ይወርዳል። ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ መጠቆሩ የዕድሜው ልብስ ነው፤ ሰብሳቢዎች ይወዱታል። የማይቀር ቆሻሻ ካለበት በተጣራ ውኃ አለቅልቀው ሳያሹ በጥጥ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገው ያድርቁት። ሲይዙትም በጠርዙ ይያዙ። ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ ውስጥ አያስቀምጡት፤ ፒ ቪ ሲ የሚባለው ፕላስቲክ ጊዜ ሲቆይ አረንጓዴ ሙጫ ያወጣና ብሩን ይበላዋል። ለየብቻ በንጹሕ ወረቀት መጠቅለል ይበቃል።

ማንጠልጠያ የተበየደበትን ጠገራ በተመለከተ፦ ለሳንቲም ሰብሳቢ ዋጋው የብሩ ያህል ነው። ማንጠልጠያውን ማስነሣት አያሻሽለውም፤ የብየዳው ጠባሳ ይቀራል፣ በጨረታ መግለጫም «ማንጠልጠያ የተነሣለት» ተብሎ ይመዘገባል። ነገር ግን ጠገራው ከነማተቡ፣ ከነዶቃው፣ ከነሌላው ጌጥ ካለ አይበታትኑት። ሙሉ የአንገት ጌጥ የሚፈልገው የጌጣጌጥ ሰብሳቢ ነው፣ መመሪያውም የሳንቲም መመሪያ አይደለም፤ በጨረታ መዝገቦች ውስጥ በኢትዮጵያ ጌጣጌጥ ስም መፈለግ አለበት። ለአንጥረኛ ተሰጥቶ መስቀል የሚሆነው ጠገራ ብዙ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሙሉ ጌጥ እየቀነሰ ነው።

ከረጢቱ ላይ ብዙ አልቆይም። 1936 የሚለው ዓመት ከ1936 ጀምሮ እስከ ንጉሡ ዘመን ማብቂያ በሳንቲሞቹ ላይ ሳይለወጥ ስለቀጠለ የመዳብ አንድ፣ አምስትና አሥር ሳንቲሞች እጅግ ብዙ ናቸው፤ በእጅ የተዘዋወረው በሽያጭ መዝገቦች ላይ አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። በማኅበራዊ ሚዲያ «ይህ ሳንቲም ያለው ሰው ሚሊየነር ነው» እያሉ የሚያዞሩት ቪዲዮ ሐሰት ነው፤ ገዢ ነኝ ብሎ አስቀድሞ «የማጣሪያ ክፍያ» የሚጠይቅም አጭበርባሪ ነው። ከከረጢቱ ግን ሁለት ነገር ይምረጡ። ሽልንጉ፣ ማለትም 50 ሳንቲሙ፣ የብር ነው፤ 7.03 ግራም ይመዝናል፣ መጀመሪያ የተመታው ከመቶው 80፣ በኋላ የተመታው 70 ንጹሕ ብር አለው። ስሙኒው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፦ ጠርዙ ክብ የሆነውና ጠርዙ ሞገድ የሠራው። ክቡ በስፋቱ ሽልንጉን ስለሚመስል ብር እየቀቡ እንደ ሽልንግ ሲያሳልፉት ከገበያ ተሰብስቦ በሞገዳሙ ተተካ። ስለዚህ ክብ ስሙኒ ካለ ለብቻው ያስቀምጡ፤ የብር ቅብ የነካካውን ግን እንደ ሽልንግ እንዳይቆጥሩት ክብደቱንና ፊቱን ይዩ።

የሕጉን ነገር ሳያነሡ ስለ ውጭ ጨረታ ማውራት አይገባም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሳንቲሞቹን በፖስታ ወደ ጨረታ ቤት ወይም ወደ ደረጃ ሰጪ ድርጅት ከመላክዎ በፊት ደብረ ብርሃን ያለውን የዞኑን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይጠይቁ፤ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን የሚመሩዎት እነሱ ናቸው። ለጠገራ ማሳሸጊያ ወጪ ማውጣት በማንኛውም ስሌት አያዋጣም፤ ሊታሰብበት የሚችለው የ1887ቱ ብር ወይም በእውነት ያልተነካ ነገር ላይ ብቻ ነው። ሲታረስ ወይም መሠረት ሲቆፈር የአክሱም ዘመን ሳንቲም ቢገኝ ደግሞ ጉዳዩ የዋጋ አይደለም፤ በድንገት የተገኘ ቅርስ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ መሸጡም ወንጀል ነው።

ነጋዴው ተመልሶ ሲመጣ እንዲህ ያድርጉ። ዕቃውን ለአራት ይክፈሉት፦ ጤነኞቹ ሦስት ጠገራዎች፣ ባለ ማንጠልጠያው፣ የምኒልክ ብሮቹና አላዱ፣ ከከረጢቱ የተለዩት ሽልንጎች። ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው በዕለቱ የብር ዋጋ ያሰሉትን ይዘው ይደራደሩ፤ ከዚያ ከመቶው አሥር አሥራ አምስት ቀንሶ ቢሰጥዎ የማቅለጫና የትርፍ ድርሻው ነው፣ አግባብ ነው። ከግማሽ በታች ካለ ይመልሱት። የምኒልክ ብሮቹን በግራም ለማንም አይስጡ፤ ዓመታቸውን አንብበው፣ እግሩን አይተው፣ አምስቱን ሽያጭ ሰብስበው እስኪጨርሱ ገበያ ላይ አያውጧቸው። የሁለቱንም ፊትና ጠርዝ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ አጠገባቸው ማስመሪያ አድርገው ያንሡ፤ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥርም በፎቶው ይታይ። ያ ፎቶ ካለዎት አዲስ አበባ ያለ ሰብሳቢም ሆነ የውጭ ጨረታ ቤት ሳንቲሙ ከእጅዎ ሳይወጣ ግምት ሊሰጥዎ ይችላል፤ ከሁለት ሦስት ቦታ ግምት ተቀብለው ከራስዎ መካከለኛ ዋጋ ጋር ያስተያዩት።